ከፋሲካ በኋላ የመጣው ሰባት ኪሎ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ አለ። ከጎማው ሥር ያለችው የቆርቆሮ ቤት እንግዳው የሚባል ሰው የሚኖርባትና የሚሠራባት ናት። እንግዳው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጎሚስታ ነው፤ ሞተር ሳይክልም ይጠግናል። አንድ ሰው መጥቶ «ትንሽ አየር ይጨምሩልኝ» ካለው ቀኑ ተበላሸ። «ትንሽ ማለት ስንት ነው? ጨው ነው የምትገዛው?» ብሎ ይጮህበታል። ጮሆ ሲያበቃ ግን ጎማውን በልኩ ይነፋለታል፤ ሳይጠየቅም ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባለታል። ምላሱ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም።

የደምበጫ ገጠር ልጅ ነው። በወጣትነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት አገር ለአገር ሲንከራተት፣ ጎማ ሲፈታና ሲያስር ሙያውን ለመደ። በኋላ ሞተሮቹ መጡ። የጤናው፣ የግብርናው፣ የእንስሳት ክትባቱ ሠራተኛ ሁሉ በሞተር ዳገት ቁልቁለቱን እየወጣ እየወረደ የሰበረውን ይዞ እሱ ዘንድ ይመጣ ጀመር። እንግዳውም ሲሠራ ሲሠራ አንድ ነገር ገባው። ሞተርን የሚሰብረው መንገዱ ብቻ አይደለም፤ የነጂው ክብደትም ነው። ለቀጭን ሰው የተስተካከለ ሞላ ወፍራም ሲቀመጥበት ወገቡ ይጎብጣል። ለወፍራም የጠበቀው ደግሞ ቀጭኑን እንደ ባለጌ በቅሎ ያነጥረዋል።

ስለዚህ አንድ የወይራ በትር ቆረጠ። ሞተሩን ያቆምና ከኋላ ጎማው እምብርት እስከ ወንበሩ ድረስ በበትሩ ይለካል፤ በከሰል ያሰምራል። ነጂውን አስቀምጦ ደግሞ ይለካል፤ ያሰምራል። በሁለቱ መስመር መካከል ሦስት ጣት መኖር አለበት። ከሦስት ካነሰ ሞላው ደርቋል፤ ከሦስት ከበለጠ ተኝቷል። ያን ጊዜ ሞላውን ከላይ የያዘውን ቀለበት በመፍቻ ያጠብቃል ወይም ያላላል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። የብዙ ሰው መቀመጫ አይቶ ነው የደረሰበት።

በዚህ ዓለም ላይ እንግዳው ከሚስቱ ከውቢት ቀጥሎ የሚወደው ታፔላውን ነው። ውቢት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ትጠራጠራለች። ታፔላው ሰማያዊ ነው፤ በቢጫ ቀለም «እንግዳው ጎሚስታና የሞተር ሕክምና» ይላል። ከጎማው በላይ ከተሰቀለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በተሰቀለ ሰሞን ፊደል ያልቆጠሩት ገበሬው አባቱ ከደምበጫ ገጠር ድረስ መጥተው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ «እስቲ አንብብልኝ» እያሉ ሦስት ጊዜ አስነብበውታል። በሦስተኛው ላይ «ስሜ የለበትም» አሉና፣ እንግዳው ሲደነግጥ ሳቁበት። አባቱ ካረፉ ቆይተዋል። እሱ ግን አሁንም ጧት ጧት መሰላል ላይ ወጥቶ ታፔላውን በናፍጣ ጨርቅ ያብሰዋል።

ታዲያ ይህን ታፔላ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ያውም ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ለውርርድ አቀረበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት የየከተማው ሠራተኞች የሞተር ውድድር እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። ከየከተማው አንድ አንድ ሞተር ይመጣል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፈረስ ጉግስ ሜዳ ላይ አምስት ዙር ይሮጣል። አዘጋጆቹ ሜዳውን «ትራክ» ይሉታል። በባሕር ዛፍ እንጨት ታጥሯል፤ ሁለት መታጠፊያና ሦስት ጉብታ አለው። የፍኖተ ሰላምን ሞተር የሚያዘጋጀው እንግዳው፣ የቡሬን የሚያዘጋጀው ደግሞ ምስክር ሆነ። ምስክር የእንግዳው ተማሪ ነበር። ስምንት ዓመት አብሮት ሠርቶ፣ ቡሬ ሄዶ፣ የመስታወት በር ያለው የራሱን ቤት ከፈተ። እንግዳው ያን የመስታወት በር እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጨዋታ ወዳድ ሰው «ለመሆኑ ማን ያሸንፋል?» ብሎ ጠየቀ። ምስክር አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እኛም እንሞክራለን እንግዲህ። ጋሼ እንግዳው እያሉ ምን ብለን!» አለ።

እንግዳው «እንሞክራለን» የሚለው ቃል ጆሮውን በላው። ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! የቡሬ ሞተር የእኔን ከቀደመ ታፔላዬን በገዛ እጄ አወርዳለሁ። ጌታ ይመስክርብኝ!»

ሐዘንተኛው እንኳ ለቅሶውን ገታ አድርጎ ቀና አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንግዳው ተመልሶ ቁጭ አለ። ታፔላ ማውረድ ለእሱ ሥራ ከማቆም አይለይም። ግን ድንኳን ሙሉ ሰው ሰምቶታል።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ነጂው ቂርቆስ የሚባል የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መሪ ሲይዝ አይፈራም፤ በዚያ ላይ ቀጭን ነው፤ ጾሙ ደግሞ ጨርሶ አመንምኖታል። እንግዳው እህል ነጋዴው ደጀኔ ሱቅ ወስዶ ከጤፍ ጆንያ ቀጥሎ ሚዛን ላይ አወጣው። አምሳ ስምንት ኪሎ።

«ይህ ነው ነጂ!» አለ እንግዳው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። «ላባ ነው!»

በትሩን አምጥቶ ለካ፤ ቀለበቱን አዙሮ ልክ ሦስት ጣት ላይ አቆመው። የሞተሩን የፊት እግሮች አሮጌ ዘይት አፍስሶ ወፈር ያለ ጨመረላቸው። ከዚያ ወደ ጎማው ዞረ። በአስፋልት ጎማ ጠንከር ሲል ነው የሚሮጠው፤ በደረቅ አፈር ላይ ግን ጠንካራ ጎማ ይንሸራተታል። ለስለስ ካለ መሬቱን ይነክሳል። ከልክ በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ጉብታው ላይ ቸርኬው ይመታል። እንግዳው ሃያ ስምንት ይነፋ የነበረውን የፊት ጎማ ሃያ ላይ አወረደው፤ የኋላውን ሃያ ሁለት አደረገው። ቂርቆስን ሜዳው ላይ ሦስት ዙር አስኬደውና ጎማው ገና እንደሞቀ ቢለካው ሁለት ጨምሮ አገኘው። ሙቀት አየርን እንደሚያሳብጥ ያውቃል፤ ከሁለቱም አንድ አንድ አጎደለ። ሁሉንም በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፈው። ውቢት በበነጋው ግድግዳውን ልታጥብ ስትል ሊጣሉ ነበር።

ሞተሩ እንዴት ያለ ሞተር ሆነ መሰላችሁ! ቂርቆስ ሲታጠፍበት ክር መርፌን እንደሚከተል ነበር የሚከተለው። ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲወርድ ድምፅ የለውም። እንግዳው ከእንጨቱ አጥር ሥር ቆሞ ብቻውን ሳቀ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ፤ እንግዳው መጠርጠር ጀመረ። አንድ የቡሬ ባጃጅ ነጂ በበሩ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። «ሰላይ ነው» አለ። ያኑ ቀን የሞላውን ቀለበት ማንም እንዳያዞረው መፍቻ የሚገባበትን ጥርሱን በመሮና በመዶሻ ቀጥቅጦ ደፈነው፤ ላዩንም በቀይ ቀለም ቀባው። ሞተሩንም ወደ ቤቱ አስገብቶ ሳሎን መካከል አቆመው። የፋሲካ እንግዳ ሁሉ በሞተሩ ዙሪያ ተቀምጦ በላ። አንድ የውቢት አጎት ካፖርታቸውን መሪው ላይ ቢሰቅሉ እንግዳው በግ ይቆርጥበት የነበረውን ቢላዋ እንደ ያዘ ተነሣ።

«ምነው ሰውዬ፣» አለች ውቢት፣ «ጋቢህንም አልብሰኸዋል፤ ክርስትና ብቻ ነው የቀረው።»

ቂርቆስ ግን ከሰሙነ ሕማማቱ ሐሙስ ጀምሮ ፈረስ ቤት ከተማ እናቱ ዘንድ ነበር። ሲሸኘው እንግዳው እንደ አባት መክሮታል። «ራስህን ጠብቅ። እጅህን ጠብቅ፤ እግርህን ጠብቅ። በቅሎ አትቀመጥ፤ ዛፍ ላይ አትውጣ፤ ከማንም ጋር አትጣላ።» ሁሉን ነገረው። ሆዱን ብቻ አልጠቀሰም።

የዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ጧት ቂርቆስ ከሚኒባስ ወረደ። ፊቱ ያብረቀርቃል። ጉንጩ ሞልቷል። ቀበቶው በሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሷል። እንግዳው መጀመሪያ ወንድሙ የመጣ መሰለው።

«እንኳን አደረሰዎ ጋሼ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ና ተቀመጥበት።»

ቂርቆስ ሞተሩ ላይ ወጣ። ሞላው ያቃሰተበትን ድምፅ ውቢት ከጓዳ ሰማችው። እንግዳው በበትሩ ለካ። አምስት ጣት።

«ውረድ። ድገም።»

ደገመ። አምስት ጣት። እንግዳው በትሩ የተቆረጠ መስሎት አገላብጦ አየው። ከዚያ የቂርቆስን ክንድ ይዞ ደጀኔ ሱቅ ወሰደው። ደጀኔ ሚዛኑን አይቶ፣ እንግዳውን አይቶ፣ እንደገና ሚዛኑን አየ።

«ስድሳ አምስት» አለ ቀስ ብሎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

«ሰባት ኪሎ!» እንግዳው ራሱን ያዘ። «አሥር ቀን! ሰባት ኪሎ! ምን ዋጥህ አንተ? በጉን ከነቀንዱ ነው?»

«እናቴ ናቸው ጋሼ» አለ ቂርቆስ መሬት መሬት እያየ። «እሜቴ አቻምየለሽን አያውቋቸውም። ገና ከበሩ ስገባ አዩኝና ‹ልጄን መንግሥት ቀጣው እንዴ?› ብለው አለቀሱ። ከዚያ ፋሲካው ሲገባ እሳቸው አጎረሱኝ፤ የክርስትና አባቴ ጠሩኝ፤ እኅቶቼ በየተራ ጠሩኝ። በቃኝ ስል ‹በሞቴ› ይላሉ። በስንት ሰው ሞት ልጨክን?»

ይህን የሚመልስ ጎጃሜ የለም። እንግዳው እየሮጠ ቤቱ ገባ። ቀለበቱን ሁለት ዙር ቢያጠብቀው ነገሩ ያበቃል፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መፍቻውን ሲያስገባ ግን ቀለበቱ በገዛ መሮው ተቀጥቅጦ እንደ ተደፈነ አስታወሰ። መታው፤ አልዞረም። ናፍጣ አፈሰሰበት፤ አልዞረም። ጣቱን መታ፤ ቀለበቱ ግን እንደ ቀላ እንደ ኮራ ቆሟል። የቡሬ ሰላይ ቢመጣ እንኳ ከዚህ የከፋ ምን ያደርግ ነበር!

ውቢት በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ አየችው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለች። ቀጥላም አዘነችለትና፣ «ኮሶ እናጠጣው?» ብላ ጠየቀች።

«ኮሶው የሚሠራው ነገ ነው። ውድድሩ ዛሬ ነው!»

ሰውን ማቅለል ካልተቻለ ሞተሩን ማቅለል ነው። መስታወቶቹን ፈታ። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ፈታ። መብራቱን፣ ፓራፋንጎውን፣ ታርጋውን ሳይቀር ነቀለ። የቂርቆስን ጃኬት አስወለቀው፤ ከኪሱ እናቱ የቋጠሩለት ድፎ ዳቦ ወጣ፤ እሱንም ቀማው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በትሩ አራት ጣት አለ። አራት ጣት ሦስት አይደለም። እንግዳው ያን ጊዜ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ። ኋላው እንዳይወርድ ብሎ የኋላ ጎማውን ሠላሳ አድርሶ ነፋው። ስህተት መሆኑን ያውቃል። ሌላው ሰው እንዲህ ቢያደርግ በድንጋይ ያባርረው ነበር።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሕዝቡ ሞልቷል። እንግዳው ወደ ቡሬዎቹ ሞተር አሻግሮ ተመለከተ። ነጂዋ ትሕትና የምትባል የጤና ሠራተኛ ናት። እሷም ጉንጯ ሞላ ብሏል፤ እሷም ፋሲካን ከዘመድ ጋር ነው የዋለችው። ልቡ ትንሽ ተጽናና። ወዲያው ግን ምስክር ከሞተሩ ጎን ተንበርክኮ አየው። በአንድ እጁ መፍቻ ይዟል። በሌላው እጁ የያዘው የወይራ በትር ነው። 

አምስት ሞተሮች ተነሡ። ቂርቆስ ወጣት ነው፤ ደፋር ነው፤ ቀጥታው ላይ መሪነቱን ያዘ፤ ፍኖተ ሰላም ጮኸች። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን የሞተሩ ኋላ ስለ ተኛ የፊት ጎማው ቀለለና ሞተሩ ወደ ውጭ ሸሸው። ጠንካራው የኋላ ጎማም በአፈሩ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። ከዚያ ጉብታው መጣ። «ጓ!» አለ ሞላው። ድምፁ እስከ አጥሩ ተሰማ፤ እንግዳው የራሱን ወገብ ያዘ። ፓራፋንጎ ስለሌለው አፈሩ ሁሉ በቂርቆስ ጀርባ ላይ እየተዘራ፣ በሦስተኛው ዙር ማን እንደሆነ መለየት አቃተ። ትሕትና ግን ከኋላው ረጋ ብላ ትመጣለች። ጉብታው ላይ ወጥታ ስትወርድ ድምፅ የለም። እንግዳው ያን ዝምታ ያውቀዋል። የራሱ ዝምታ ነው።

በአምስተኛው ዙር የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቂርቆስ ወደ ውጭ ሲሸሽ እሷ በውስጥ በኩል አለፈችው። ቡሬ ቀደመ። ሕዝቡ ያሸነፈችውን ትቶ ወደ እንግዳው ዞረ።

ምስክር መጥቶ እጅ ነሣ። እንግዳው መጀመሪያ ሰላም አላለውም።

«መቼ ነው የመዘንካት?»

«ዛሬ ጧት ነው ጋሼ። ስድስት ኪሎ ጨምራ አገኘኋት። ቀለበቱን ሁለት ዙር አጠበቅሁት።»

«ማነው ይህን ያስተማረህ?»

ምስክር ግራ ገብቶት አየው። «አንቱ ነዎታ! ‹ከበዓል የመጣ ሰው ሳይመዘን ሞተር አይሰጠው› እያሉ አይደል ያሳደጉኝ? በየዓመቱ ከፋሲካ ማግስት የመጀመሪያ ሥራዬ ሰው መመዘን ነበር።»

እውነት ነው። ብሎ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ብሎታል። አንድ ሳምንት ሞተሩን በጋቢ ሸፍኖ ሲጠብቅ ነጂውን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እንግዳው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የሚቆጣበት ሰው ከራሱ በቀር አጣ።

«ታፔላውን ይተዉት ጋሼ» አለ ምስክር ለስለስ ብሎ። «የቀልድ ነው።»

«ለቅሶ ቤት የተነገረ ቀልድ የለም» አለ እንግዳው። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞረና፣ «በትርህን በርትተህ ያዘው» አለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መሰላሉን አቆመ። ቂርቆስ እያለቀሰ ያዘለት። ውቢት ከታች ተቀበለችው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ታፔላው ሳሎን ገባና ሞተሩ በቆመበት ቦታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንግዳው ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጥ አደረ፤ ውቢትም ለአንድ ጊዜ ምንም ተረት አልተረተችበትም።

ሰኞ ጧት ከበሩ ላይ ተቀመጠ። መሣሪያዎቹን አላወጣም። አስፋልቱ ላይ ጋሪው ያልፋል፤ ባጃጁ ያልፋል፤ ሁሉም ባዶውን ቦታ የሚያይ ይመስለዋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የግብርና ሠራተኛው ዘሩ ሞተሩን እየገፋ መጣ።

«ጋሼ እንግዳው፣ ጎማዬ ተንፍሷል።»

«አልሠራም» አለ እንግዳው ሳያየው። «ሌላ ጋ ውሰደው። ታፔላዬን አውርጃለሁ።»

«የምን ታፔላ?»

እንግዳው በጣቱ ወደ ላይ አሳየው። ዘሩ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ፤ የተሰቀለውን ጎማ አየ፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«እዚያ ላይ ታፔላ ነበር እንዴ?»

«ስንት ዓመት ነው የምትመጣው?»

«ዘጠኝ። ‹ጎማው የተሰቀለበት ቤት፣ ያ የሚጮኸው ሰውዬ› ተብሎ ነው የተነገረኝ፤ ይቅርታ ያርጉልኝ።»

ዘሩ ሐሰት ተናጋሪ ነው እንዳይባል ከኋላው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወረደ፤ ከእሱም ኋላ ሞተሯን የያዘች አንዲት ነርስ። እንግዳው ሦስቱንም ጠየቀ። ሦስቱም ጎማውን ያውቁታል፤ ጩኸቱን ያውቁታል። ታፔላውን ያየ የለም። ውቢት ጓዳ ውስጥ ሆና ስትስቅ ይሰማል፤ ሳቋ ደግሞ ቶሎ የሚያበቃ ዓይነት አልነበረም።

እንግዳው ተናደደ። ውድድሩን ከተሸነፈበት ይልቅ ይህ አንገበገበው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በናፍጣ ያበሰውን ታፔላ ልብ ብለው ያዩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም። አባቱ አንገታቸውን አቅንተው ሲስቁ ትዝ አሉትና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዘሩ በእሱ ጥፋት መስሎት ደነገጠ።

«ታፔላ አወርዳለሁ አልክ እንጂ» አለች ውቢት በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እጄን እቆርጣለሁ አላልክም።»

እንግዳው በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። መሣሪያውን ለማምጣት ገባ፤ የወይራ በትሩንም ይዞ ወጣ። ዘሩን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ሆዱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ፋሲካን የት ዋልክ?»

«ሰከላ፣ አማቶቼ ዘንድ።»

«አማቶቹ ዘንድ!» ብሎ ጮኸ እንግዳው፤ ድምፁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። «በል፣ ጎማውን ሳልነካው ደጀኔ ሱቅ ሂድና ተመዝነህ ና!»

ዘሩ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ወደ ደጀኔ ሱቅ ሄደ። ሾፌሩና ነርሷም ተያይተው ተከተሉት።